መብራታችን ከውኃ ነው፤ ታዲያ ለምን እንቆጥብ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የኤሌክትሪክ አገልግሎት «ኃይል ቆጥቡ፣ አካባቢያችሁን ጠብቁ» ይለናል። የእኛ ኤሌክትሪክ ግን ከውኃ ነው፣ ጭስ የለው። ህዳሴም አልቋል። ታዲያ እኔ ቤት አምፖል ባጠፋ ለአካባቢው ምን ይፈይዳል? ደግሞስ አገልግሎቱ ራሱ ምን ይሠራል?
አንዲት እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ልክ ነሽ፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ህዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። አዳማና አሸጎዳ ላይ ነፋሱም አለ።

ግን ግድቡ ሞላ ማለት መብራቱ አዘዞ ደረሰ ማለት አይደለም። መሃል ላይ መስመርና ትራንስፎርመር አለ። ትራንስፎርመር የሚችለው ልክ አለው። ማታ ሁሉም ወጥ ሲሠራ፣ ሁሉም ምጣድ ሲሰካ ይጨናነቃል። ፊውዙ ይበጠሳል፣ ሰፈሩ ይጨልማል። ያኔ ከሰልና ማገዶ ፍለጋ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ተራራው ይራቆታል፣ አፈሩ በክረምት ጎርፍ ይወርዳል። የጎንደርን የመጠጥ ውኃ የሚይዘውን የአንገረብ ግድባችንን ደለል እንዴት እንደሞላው ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል። የአንገረብ ወንዝ የመገጭን ወንዝ፣ መገጭ ደግሞ ጣናን ይቀላቀላል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና ውኃ በዋሻ ወርዶ በጣና በለስ ማመንጫ እስከ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ጨለማ ሲሆን የምንማግደው እንጨት ዞሮ የሚጎዳው ያንኑ መብራት የሚሰጠንን ሐይቅ ነው።

አምፖሉን ለጊዜው ተይውና ወደ ምጣድሽ እንምጣ። ምጣድ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ቢሆን ወደ 390 ያህሉን ያበራል! ጥገና የሚመጡልኝ አብዛኞቹ ክዳናቸው የማይገጥም፣ ሸክላቸው የተሰነጠቀ፣ ሶኬታቸው የቀለጠ ነው። ክዳኑ ካልገጠመ እንፋሎቱ ያመልጣል፣ እንጀራው ይዘገያል፣ ቆጣሪው ይሮጣል። የቀለጠ ሶኬት ግን ከብክነትም በላይ ነው፤ ቤት ያቃጥላል። ሳይውል ሳያድር ባለሙያ ይየው።

ማታ አትጋግሪ፣ እባክሽ። ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ይሻላል። ምጣዱ አንዴ ከጋለ የሳምንቱን ሊጥ በአንድ ጊዜ ጨርሺ። ከጎረቤትሽ ጋር ተነጋግራችሁ በየተራ በአንድ ምጣድ ብትጋግሩ ደግሞ ሁለተኛውን ከማጋል ትድናላችሁ። ሸክላ ሙቀት ይይዛል፤ የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራ ነቅለሽው ጋግሪ። ታሪፉም ደረጃ በደረጃ ስለሚጨምር ኪስሽ ያመሰግንሻል።

አገልግሎቱ ምን ይሠራል ላልሽው፣ የእንጨት ምሰሶዎችን በኮንክሪት እየቀየረ ነው። ስንት ባሕር ዛፍ ይተርፋል! ደስ ይለኛል። መስመር ላይ የሚባክነው ኃይል ግን የእሱ የቤት ሥራ ነው። ቆጥቡ ካለን እሱም ይቆጥብ፣ ያረጀውን ሽቦ ይቀይር።

አምፖል ካነሳሽ አይቀር፣ ከዓመታት በፊት በቢጫው ምትክ በነጻ የታደለው፣ ሲኤፍኤል የሚባለው ነጭ አምፖል እስካሁን ካለሽ ተጠንቀቂ። ውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ አለው። ከተሰበረ መስኮት ክፈቺ፣ ልጆቹን አስወጪ። ስብርባሪውን በባዶ እጅ አትንኪ፣ በመጥረጊያም አትጥረጊው። በጠንካራ ወረቀት አፍሰሽ ክዳን ባለው ዕቃ ዝጊው።