«ከዕጣ ፈንታ በላይ» ምን አለ?

ጥያቄ፦ ከጥቂት መጽሐፍ ወዳጆች ጋር ሆነን የሆሜርን ግጥሞች በእንግሊዝኛ እያነበብን፣ የወደድናቸውን ቦታዎች ወደ አማርኛ እንመልሳለን። ስለ ሰው ልጅ የተወሰነውን ነገር ሁሉ እኔ «ዕጣ ፈንታ» እያልኩ ጻፍሁ። ጓደኛዬ ደግሞ «ዕድል» ነው የሚባለው ብሎ ተከራከረኝ። ሁለታችንም የተረታነው ኦዲሴይ መግቢያ ላይ ነው። የአማልክቱ አለቃ ዜኡስ ሰዎች «ከዕጣ ፈንታቸው በላይ» መከራ ያያሉ ይላል። ከዕጣ ፈንታ በላይ ምን ይኖራል? ደግሞስ የግሪክ ጦር አለቃ አጋሜምኖን፣ ምርኮኛ ሴቱን ነጥቆት ከተጣላው ከጀግናው ከአኪሌስ ጋር በኢሊያድ ሲታረቅ የሚናገረውን «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ብዬ ብመልሰው ያስነቅፈኛል?

መልስ፦ ያቺ ዓረፍተ ነገር ያስቸገረችዎ «ዕጣ ፈንታ» በዛሬው አማርኛ የማይገፋ ግድግዳ ስለሆነ ነው። ከግድግዳ በላይ መከራ ማየት አይቻልም። በግሪክኛው የተቀመጠው ቃል ግን ግድግዳ አይደለም። «ሞሮስ» ይባላል፤ የታወቀው እኅቱ «ሞይራ» ነው፤ ሁለቱም የሚወለዱት «ድርሻን መቀበል» ከሚል ግሥ ነው። በሆሜር ዘንድ በግብዣ ላይ ለእንግዳ የሚደርሰው ሥጋ ሞይራ ነው። ኢሊያድ 10ኛው መጽሐፍ ላይ ኦዲሴዎስ ለስለላ ሊወጣ ሲል ሌሊቱ ሁለት እጅ አልፎ ሦስተኛው እንደቀረ ሲናገር፣ የእኛን «እጅ» የሚተካው ያው ሞይራ ነው። ሞትም እንግዲህ ለእያንዳንዱ የሚቆረስ ድርሻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ይሞክሩት፦

«ወይ ጉድ! ሰዎች አማልክትን እንዴት ይወቅሳሉ! ክፉ ነገር የሚመጣው ከእኛ ነው ይላሉ፤ እነርሱ ግን በገዛ እብሪታቸው ከድርሻቸው በላይ መከራ ያያሉ።»

«ከድርሻቸው በላይ» ሲባል እንቆቅልሹ ተፈታ። ድርሻህ ይሄ ነበር፤ አንተ ግን ጨመርክበት ማለት ነው። ዜኡስ ወዲያው ምስክር ይጠራል። ኤጊስቶስ አጋሜምኖንን እንዳይገድል፣ ሚስቱንም እንዳይመኝ፣ አለበለዚያ የአጋሜምኖን ልጅ ኦሬስቴስ አድጎ እንደሚበቀለው፣ በአማልክት መልእክተኛ በሄርሜስ አፍ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር። አልሰማም። እኛ «የእጁን አገኘ» እንላለን።

(ስለ አማልክቱ ስም ካነሣን፣ የአማርኛው የሐዋርያት ሥራ 14ኛ ምዕራፍ ላይ በርናባስን «ድያ»፣ ጳውሎስን «ሄርሜን» ያሏቸው የልስጥራ ሰዎች፣ ዜኡስንና ሄርሜስን ማለታቸው ነው። «ድያ» የዜኡስ ስም በግሪክኛ ተሳቢ ሲሆን የሚይዘው መልክ ነው። በግጥሙ ግን «ዜኡስ» ይበሉ፤ «ድያ» ብለው ቢጽፉ ማን እንደሆነ የሚያውቅልዎ አንባቢ ጥቂት ነው።)

«ዕጣ» ብቻውንስ? ግሪኮች ለዕጣ ሌላ ቃል አላቸው፤ «ክሌሮስ» ይሉታል። በኢሊያድ 7ኛው መጽሐፍ የትሮይን ጀግና ሄክቶርን ለመግጠም ዘጠኝ ጀግኖች ሲነሡ እያንዳንዱ በዕጣው ላይ ምልክት አድርጎ በአጋሜምኖን የራስ ቁር ውስጥ ይጥላል። ቁሩ ይነቀነቃል፤ የአያስ ዕጣ ዘልሎ ይወጣል። «ዕጣው ወጣለት» የሚለው አማርኛችን እዚያ ቦታ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ «ዕጣ» የሚጣለው ነው፤ «ፈንታ» የሚደርሰው ነው፤ «ፈንታዬን ስጠኝ» የሚል ሰው ድርሻውን ነው የሚጠይቀው። አማርኛ ክሌሮስንና ሞይራን ደርቦ አንድ ጥምር ቃል አድርጓቸዋል። ጥምሩ ውብ ነው፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ከመደጋገሙ የተነሣ «ፈንታ» ድርሻ መሆኑ ተረስቷል። ስለዚህ «ዕጣ ፈንታ»ን ለታላላቆቹ ቦታዎች ያቆዩት፤ ሌላውን በ«ድርሻ» ይመልሱ።

ጓደኛዎም ፈጽሞ አልተሳሳተም። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚለው ሰው ዕድልን የሚጠቀመው ልክ ሄካቤ ስለ ልጇ ስለ ሄክቶር እንደተናገረችው ነው፤ እኔ ስወልደው ብርቱዋ ሞይራ በክሯ ይህን ፈተለችለት ትላለች። ዳሩ ግን ዕድል ዛሬ ወደ መልካሙ አዘንብሏል። «ዕድለኛ ነህ» የተባለ ሰው ደስ ይለዋል፤ «የሥራ ዕድል» ደግሞ ማስታወቂያ ነው። አኪሌስ በ9ኛው መጽሐፍ እናቴ ቴቲስ ሁለት ዕድል እንዳለኝ ነገረችኝ ካለ፣ አንባቢው ሁለት የሥራ ቅጥር የቀረበለት ሊመስለው ነው። የቀረበለት ግን በትሮይ ሞቶ የማይጠፋ ስም መትከል ወይም አገሩ ገብቶ ስሙ ተረስቶ ዕድሜ መጥገብ ነው። «ሁለት መንገድ ወደ ሞት ይወስደኛል» ቢሉት ይሻላል፤ መራጩ ራሱ መሆኑም አይጠፋም።

አሁን ወደ አጋሜምኖን። በ19ኛው መጽሐፍ ያለው ይህ ንግግር ለተርጓሚ ወጥመድ ነው፤ እኔም ከዓመታት በፊት ለተማሪዎቼ ስመልሰው ወድቄበታለሁ። «እኔ አይቲዮስ አይደለሁም» ይላል ንጉሡ። እኔ ያን ጊዜ «እኔ ኃላፊ አይደለሁም» ብዬ ጻፍሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ የግሪክ ጦር አለቃ የቢሮ ኃላፊ አለመሆኑን የሚያስታውቅ መስሎ ነበር። ኃላፊነት አስቀድሞ የሚሰጥ አደራ ነው፤ አይቲዮስ ግን ነገር ከተበላሸ በኋላ ጣት የሚጠቆምበት ሰው ነው። «ጥፋቱ የእኔ አይደለም» በቂ ነው። የትሮይ ንጉሥ ፕሪያምም በግንቡ ላይ ጦርነቱ የተነሣባትን ሄለንን «ነይ ልጄ፣ ከፊቴ ተቀመጪ» ብሎ ሲያጽናናት በዚያው ቃል ነው የሚናገረው፦ «በእኔ ዘንድ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፤ የአማልክት ነው።»

አጋሜምኖን ጥፋቱን በዜኡስ፣ በሞይራና በጨለማ በምትመላለሰው የበቀል አምላክ በኤሪኒስ ላይ ይጥላል፤ በጉባኤ ላይ በልቡናዬ «ኣቴ»ን ጣሉብኝ ይላል። ኣቴ ዓይነ ልቡናን የሚጋርድ ነገር ናት፤ እዚያው ንግግር ውስጥ እግሯ ለስላሳ የሆነ፣ በምድር ሳይሆን በሰው ራስ ላይ የምትራመድ የዜኡስ ታላቅ ልጅ ሆና ትመጣለች። «ሰይጣን»ን ያስቀሩት። ሰይጣን የእግዚአብሔር ጠላት ነው፤ ኣቴ ግን የዜኡስ ልጅ ናት። አባባሉን ግን አይጣሉት፤ «አሳተ» የሚለው ግሥ ልክ ነው። (ኣቴና አሳተ ድምፃቸው ስለተቀራረበ ዝምድና አይፈልጉላቸው፤ የአጋጣሚ ነገር ነው።) «ዜኡስ ልቡናዬን ነሣኝ» ቢሉ ደግሞ የበለጠ ያምራል፤ «ልቡና ይስጥህ» ብሎ የሚመርቅ ቋንቋ መንሣቱንም ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። አማርኛ «-ብኝ» የምትባል አመለኛ ቅጥያ አለችው። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ «ተሰበረብኝ» ይላል፤ ሰባሪው ተጎጂ ሆኖ ቁጭ ይላል። ተርጓሚም «አእምሮዬ ጠፋብኝ፣ የአኪሌስ ስጦታ ተወሰደበት» ብሎ ንጉሡን ነጻ ሊያወጣው ይዳዳዋል። ግሪክኛው ግን አይፈቅድም። በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ አማልክትን ከከሰሰ በኋላ፣ «የአኪሌስን ስጦታ እኔው ራሴ በነጠቅሁበት ዕለት» ይላል። «ራሴ» የምትለዋን ቃል ሆሜር ሳይጠየቅ አስገብቷታል። ቀጥሎም ልቡናዬን ስለተነሣሁ፣ ይላል፣ ካሣ ልከፍል እወድዳለሁ። «ስለተነሣሁ አልከፍልም» አላለም። ካሣው ሲቆጠርም ሰባት ባለ ሦስት እግር ጋን፣ አሥር መክሊት ወርቅ፣ ሃያ ድስት፣ አሥራ ሁለት ፈረስ፣ ሰባት ሴቶችና ስምንተኛዋ ያቺው የተነጠቀችው ብሪሴይስ። በእኛም ሽምግልና «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ያለ በዳይ ቃሉ ይሰማለታል፤ ካሣው ግን አይቀርለትም። ስለዚህ ሐሳብዎ የገባው ከትክክለኛው በር ነው፤ ስሙን ብቻ ይቀይሩ።

ስለ «እብሪት» አልጠየቁኝም፤ ግን ያስቸግርዎታል። ቃሉ «አታስታሊያ» ነው፤ ለኤጊስቶስ «ጥጋብ» ብዬ ብተረጉመው እወድድ ነበር። ችግሩ የኦዲሴዎስ ባልደረቦች በዚያው ቃል መወቀሳቸው ነው፤ እነርሱ የፀሐይን ከብቶች አርደው የበሉት ስንቃቸው አልቆ፣ ዓሣ ሲያጠምዱ ከርመው፣ ረኃብ ሆዳቸውን ሲያኝከው ነው። የተራበን ሰው በጥጋብ መክሰስ በአማርኛ ቀልድ ይሆናል። «እብሪት» ወይም «ድፍረት» ሁሉንም ይችላል።

ሦስተኛው ባለ አታስታሊያ ሄክቶር ነው፤ እርሱንም ይሞክሩት። በ6ኛው መጽሐፍ ሚስቱን ሲያጽናና ማንም ከድርሻዬ ቀድሞ ወደ ሙታን አገር አይሰደኝም ይላታል፤ «ቀኔ ሳይደርስ ማንም አይገድለኝም» ቢሉት በቂ ነው። በ22ኛው ግን፣ ጦሩን ወደ ከተማ መልስ ያለውን የጓዱን የፖሊዳማስን ምክር ንቆ ሕዝቡን ካስፈጀ በኋላ፣ ብቻውን ከበሩ ውጭ ቆሞ «በእብሪቴ ሕዝቤን አጠፋሁ» ይላል። ግሪክኛው «የእኔ» የምትል ቃል አለው። ጥቂት ቆይቶ ዜኡስ የወርቅ ሚዛኑን ይዘረጋል፤ በአንዱ በኩል የአኪሌስ ሞት፣ በሌላው የሄክቶር። ሚዛኑ ላይ የሚያዘነብለውን ነገር ሆሜር የሄክቶር «ቀን» ይለዋል። እዚያ ቦታ ላይ «ዕጣ ፈንታ»ም «ድርሻ»ም አያስፈልግዎትም፦ «የሄክቶር ቀን አዘነበለ፤ አፖሎንም ትቶት ሄደ።»