የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኢንሹራንስ እስከ ደጃፍ፣ ፊርማ ከደጃፍ ላይ

አሜሪካ ሆነው ቀሚስ፣ ጀበናና ጌጣጌጥ በኢንተርኔት ከሚሸጡ አንባቢያን በርካታ ጥያቄዎች ደርሰውናል። አብዛኞቹ ስለጠፋና ስለተሰበረ ጥቅል ስለሆኑ ይህን እትም ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የሀበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ። ባለፈው ወር 380 ዶላር የተሸጠ ቀሚስ በፖስታ ስልክ የ400 ዶላር ኢንሹራንስ ገዛሁለት። የጥቅሉ መከታተያ (ትራኪንጉ) «ደርሷል» ይላል፤ ገዢዋ ግን «እኔ ምንም አላየሁም» አለችኝ። ካሳ ብጠይቅ ተከለከልኩ። ታዲያ ኢንሹራንሱ ለምኑ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የፖስታ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው መንገዱን ነው። ጥቅሉ በጉዞ ላይ ቢጠፋ፣ ቢሰበር ወይም ከውስጡ ዕቃ ቢጎድል ይከፍላል። ፖስተኛው ደጃፍ ላይ አስቀምጦ «ደርሷል» ብሎ ስካን ካደረገ በኋላ ግን ለፖስታ ቤቱ ሥራው ተጠናቋል። ከዚያ ወዲያ ሌባ ቢወስደው የኢንሹራንሱ ጉዳይ አይደለም። ለደጃፉ የሚያገለግለው የፊርማ ማረጋገጫ፣ ማለትም ሲግነቸር ኮንፈርሜሽን ነው። ብዙ ሻጮች ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ቆጥረው አንዱን ብቻ ይገዛሉ፤ የሚከስሩትም በዚህ ነው።

የእርስዎ ነገር ግን ገና አላለቀም። በመጀመሪያ ገዢዋ የቤት ሰው፣ ጎረቤትና የአፓርታማውን ቢሮ ትጠይቅ፤ አንድ ሁለት ቀንም ትታገሥ፤ አንዳንድ ጊዜ ስካኑ ከጥቅሉ ይቀድማል። ካልተገኘ በአካባቢዋ ወዳለው ፖስታ ቤት ሄዳ ኃላፊውን ታነጋግር። የፖስተኛው መሣሪያ ስካን ሲያደርግ የቆመበትን ቦታ በጂፒኤስ ስለሚመዘግብ፣ ጥቅሉ በሌላ ቤት ደጃፍ ላይ ተትቶ ከሆነ ኃላፊው ከመዝገቡ ሊያየው ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ውድቅ በተደረገው ጥያቄዎ ላይ ይግባኝ ይበሉበት፤ የይግባኙ ጊዜ ከውሳኔው ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው። ተሰርቆ ከሆነ ደግሞ ገዢዋ ለፖስታ ምርመራ አገልግሎቱ በኢንተርኔት ታመልክት።

ገንዘቧን ለመመለስ ግን አይጣደፉ። ሽያጩ በኢቤይ ወይም በፔይፓል ከሆነ፣ ከ750 ዶላር በታች ላለ ሽያጭ «አልደረሰኝም» የሚል ክስ ሲመጣ፣ በትዕዛዙ ላይ ወዳለው አድራሻ መድረሱን የሚያሳይ ትራኪንግ ለሻጩ መከላከያ ይበቃል። ኢቤይ ላይ ለቀረበብዎት ጥያቄ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠትዎን ብቻ አይርሱ። የእጅ ሥራ መሸጫ ድረ ገጽ በሆነው በኤትሲ የተሸጠ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ የኤትሲ ጥበቃ የሚሸፍነው እስከ 250 ዶላር የሆነ ትዕዛዝን ነው።

ጥያቄ፦ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ፊርማ ልግዛ? ገዢዎቼ ቀን ቀን ሥራ ስለሚውሉ ጥቅሉ እየተመለሰ ያስቸግረኛል። (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ አይግዙ። የ40 ዶላር ነጠላ ላይ ፊርማ መጨመር ገዢን ማስቀየም ነው። እኛ የምንመክረው ወሰን እንዲህ ነው፦ በኤትሲ ከ250 ዶላር በላይ ለሆነ ሁሉ፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ቢጠፋ ከኪስዎ ለመተካት ለሚከብድዎ ዕቃ። ከ750 ዶላር ጀምሮ ግን ምርጫ የለም። ኢቤይም ሆነ ፔይፓል ያለ ፊርማ ማረጋገጫ «አልደረሰኝም» ከሚል ክስ አይጠብቁዎትም።

ይህ 750 ብዙዎችን የሚያሳስትበት ምክንያት አለው። የሚቆጠረው የዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን መላኪያና ታክስ ተደምሮ ነው። ሜሪላንድ ላለች ገዢ የብር መስቀል በ700 ዶላር ሸጡ እንበል፤ 6 በመቶ ታክስ 42 ዶላር፣ መላኪያ 15 ዶላር ሲጨመር 757 ይሆናል። ሻጩ «ከ750 በታች ነው» ብሎ ያለ ፊርማ ይልካል፤ ክስ ሲመጣ ይሸነፋል።

ከአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት (ዩኤስፒኤስ) ከ500 ዶላር በላይ ኢንሹራንስ ሲገዙ ፖስተኛው ፊርማ መቀበል አለበት። ለ750ው ደንብ ግን በዚህ ብቻ አይተማመኑ፤ ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈውን የአድራሻ ወረቀት (ሌብሉን) ሲያዘጋጁ የፊርማ ማረጋገጫውን ለይተው ይምረጡ። ጥቅሉ ከተላከ በኋላ «ረስቼው ነበር» ማለት አይጠቅምም።

ፊርማ ማለት የገዢው ፊርማ ማለት እንዳልሆነም ይወቁ። በተራው አገልግሎት በዚያ አድራሻ ያለ የቤተሰብ አባል ወይም የሕንፃው ተቀባይ ሊፈርም ይችላል። ለተጻፈለት ሰው ብቻ እንዲሰጥ ከፈለጉ በዋጋ ከፍ የሚል የተገደበ አሰጣጥ አለ። የአዋቂ ፊርማ የሚባለው ደግሞ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው መታወቂያ አሳይቶ እንዲፈርም ያስገድዳል። ለቀሚስና ለጌጣጌጥ ተራው ይበቃል።

ሥራ ለሚውሉት ገዢዎች መፍትሔው መልእክት ነው። ጥቅሉን በላኩበት ቀን «ፊርማ ይፈልጋል፤ ቤት ካልተገኙ ማስታወቂያ ወረቀት ይተዉልዎታል፤ በ15 ቀን ውስጥ ከፖስታ ቤቱ ይውሰዱ» ብለው ይጻፉላቸው። ተመልሶ የሚመጣብዎ ጥቅል የሚበዛው ወረቀቱን የማስታወቂያ ቆሻሻ መስሏቸው ስለሚጥሉት ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ገዢው ከከፈለ በኋላ «እባክህ ወደ እህቴ ቤት ላክልኝ» ካለ እሺ አይበሉ። በትዕዛዙ ላይ ካለው አድራሻ ውጭ የተላከ ዕቃ ፊርማ ቢኖረውም ጥበቃውን ያጣል። ሽያጩን ሰርዘው በአዲሱ አድራሻ እንደገና እንዲያዝዝ ያድርጉ። ቅን ገዢ አይከፋበትም፤ የሚጮኽ ካለ ያስጠረጥራል።

ጥያቄ፦ የሸክላ ጀበና ስልክ ከሦስቱ አንዱ ይሰበራል። «ተሰባሪ» የሚል ተለጣፊ በአራቱም ጎን እለጥፋለሁ። ካሳ ስጠይቅ «አስተሻሸጉ በቂ አይደለም» ይሉኛል። (ከሲያትል፣ ዋሽንግተን)

መልስ፦ ተለጣፊውን ማሽን አያነበውም። ጥቅል በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ይንከባለላል፣ ይወድቃል፣ ሌላ ጥቅል ይጫንበታል። ጀበና ደግሞ የሚሰበርበት ቦታ የታወቀ ነው፦ አንገቱ፣ እጀታውና መቅጃው። ሙሉውን በባብል ራፕ አንድ ጊዜ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ መክተት ሆዱን እንጂ እነዚህን ሦስቱን አያድንም።

ውታፉን አውጥተው ለብቻው ይጠቅልሉ። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍተት በተጨማደደ ወረቀት ሞልተው ያጥብቁት፤ የመቅጃውንም ዙሪያ እንዲሁ። ዓላማው ጀበናው ወጣ ገባ የሌለው አንድ ድቡልቡል ነገር እንዲሆን ነው። ከዚያ በኋላ በባብል ራፕ ይጠቅልሉት። 20 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ጀበና፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥቅል ተጨምሮበት 24 በ17 በ17 የሆነ የውስጥ ካርቶን ይበቃል። ያንን 34 በ27 በ27 በሆነ ውጫዊ ካርቶን ውስጥ ያስገቡ፤ በስድስቱም ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ሙሌት ይኖረዋል ማለት ነው። ታችኛውን ሙሌት አስቀድመው ያንጥፉ፤ የውስጡ ካርቶን በውጫዊው ወለል ላይ ከተቀመጠ የላዩ ሙሌት አያድነውም። በ5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የማሸጊያ ፕላስተር መሀሉንና ሁለቱን ጫፎች ያሽጉ። ከመላክዎ በፊት ያነቃንቁት፤ ድምፅ ካለ ሙሌት ጎድሏል።

ልኩን ያለ ምክንያት አልመረጥንም። ዩኤስፒኤስ ከ1 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም በየጎኑ 30.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሳጥን፣ የሚበልጥን ጥቅል በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በሚይዘው ቦታም ያስከፍላል። ከላይ ያለው ካርቶን ከዚያ በታች ነው። ለጥንቃቄ ብለው እጅግ ሰፊ ካርቶን ከወሰዱ የመላኪያው ዋጋ ትርፍዎን ይበላዋል።

ካሳውን በተመለከተ፣ ፕራዮሪቲ ሜይልና ግራውንድ አድቫንቴጅ የሚባሉት የዩኤስፒኤስ መላኪያዎች የ100 ዶላር ኢንሹራንስ በውስጣቸው አላቸው፤ ከዚያ በላይ እስከ 5,000 ዶላር መግዛት ይቻላል። የሚከፈለው ግን የዕቃው ትክክለኛ ዋጋ ነው። የ120 ዶላር ጀበናን በ500 ዶላር ቢያስመዘግቡ ተጨማሪውን ገንዘብ በከንቱ ይከፍላሉ። ለተሰበረ ዕቃ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ያመልክቱ። ለጠፋ ደግሞ ከ15ኛው ቀን በፊት አይቀበሉዎትም፤ ከ60ኛው ቀን በኋላም አይሆንም። ሲያመለክቱ የትራኪንግ ቁጥሩ፣ ዋጋውን የሚያሳየው የሽያጭ ገጽ፣ እንዲሁም የዕቃው፣ የውስጥ ሙሌቱና የካርቶኑ ፎቶ ያስፈልጋል። ገዢው ስባሪውን ብቻ ፎቶ አንሥቶ ካርቶኑን ስለሚጥል ነው ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው፤ ፖስታ ቤቱ ጥቅሉን ላየው ሊል ይችላልና ውሳኔ እስኪሰጥ ምንም እንዳይጣል ያሳስቡ። እርስዎም ሲያሽጉ በየደረጃው ሦስት ፎቶ ያንሡ፤ የመጨረሻው የታሸገው ካርቶን ሚዛን ላይ ሆኖ ክብደቱን የሚያሳይ ይሁን። «ካርቶኑ ባዶ ነው የመጣው» ለሚል ገዢም መልስ ይሆናል።

ጥቅሉን የፖስታ ሳጥን ውስጥ ጥለው አይሂዱ። የፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ስካን አስደርገው ደረሰኝ ይቀበሉ። የመጀመሪያ ስካን የሌለው ጥቅል ከጠፋ፣ መላክዎን ማስረዳት ይቸግራል። ብዙ ጥቅል ካለዎት ሌብል ከሚያትሙበት ድረ ገጽ ላይ የስካን ፎርም ያትሙ፤ በአንድ ባርኮድ ሁሉም ይመዘገባል።

ጥያቄ፦ የግል አጓጓዦቹ ዩፒኤስና ፌዴክስም 100 ዶላር በነጻ ይሰጣሉ። ያው አይደለም? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ አይደለም። እነሱ የሚሰጡት «የተገለጸ ዋጋ» ይባላል፤ ኢንሹራንስ ሳይሆን የተጠያቂነታቸው ጣሪያ ነው። ጥፋቱ የእነሱ መሆኑን ሲቀበሉ እስከዚያ ጣሪያ ይከፍላሉ። ፌዴክስ ላይ ደግሞ ፊርማውን ሲመርጡ ስሙን አስተውለው ያንብቡ፤ «ቀጥተኛ ያልሆነ» የሚለው ጎረቤትም ፈርሞ እንዲቀበል ይፈቅዳል።

ጥያቄ፦ ቶሮንቶ ላለ ገዢ ስልክ የፊርማ ማረጋገጫውን ምርጫ ፈልጌ አጣሁት። (ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

መልስ፦ የዩኤስፒኤስ ሲግነቸር ኮንፈርሜሽን ለውጭ አገር አድራሻ አይሠራም። ኢቤይ ላይ ከሆኑ በኢቤይ ኢንተርናሽናል ሺፒንግ ይላኩ፤ እርስዎ አሜሪካ ውስጥ ወዳለው ማከፋፈያ ብቻ ይልካሉ፤ ከዚያ ወዲያ ለሚጠፋውና ለሚሰበረው ኃላፊነቱ የእነሱ ነው። በራስዎ ድረ ገጽ የሚሸጡ ከሆነ ውድ ዕቃውን ፊርማ በሚቀበል የግል አጓጓዥ ይላኩና ዋጋውን መላኪያው ላይ ይጨምሩት።