የቫን ባስተንን እግር የሰበረው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሕንጻችን ሥር ባለው የጀበና ቡና ቤት እሑድ እሑድ ኳስ አይተን ስንጨርስ ክርክር አይጠፋም። ባለፈው ሳምንት አጎቴ «እንደ ማርኮ ቫን ባስተን ያለ አጥቂ አልተፈጠረም» ብለው ሲነሱ፣ ወጣቶቹ በ28 ዓመቱ የጨረሰ ሰው እስከ አርባ ከሚጫወቱት ጋር እንዴት ይነጻጸራል ብለው ተነሱባቸው። አጎቴ ደግሞ ተከላካዮች እግሩን ሰብረው ከሜዳ ስላስወጡት በዕድሜ ሊመዘን አይገባም ይላሉ። የተሸነፈው ወገን የቡናውን ሒሳብ እንዲከፍል ተስማምተናል። ለመሆኑ የሰበረው ማን ነው? ለመጠየቄ ሌላም ምክንያት አለኝ፤ አብሮኝ የሚኖረው የ16 ዓመት ወንድሜ አጥቂ ሲሆን፣ ወለምታ ከያዘው ወር ቢያልፈውም ከካልሲው ሥር ፋሻ እየጠመጠመ በሰፈራችን የጠጠር ሜዳ መጫወቱን አልተወም።

መልስ፦ አጎትዎ ስለ ተጫዋቹ ችሎታ የተናገሩትን ለመከራከር አልደፍርም፤ ስለ እግሩ የተናገሩት ግን መታረም አለበት። ዓ.ም. ብዬ ካልጠቀስሁ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በዲሴምበር 1986 ቫን ባስተን ይጫወትበት የነበረው የሆላንዱ ክለብ አያክስ ከግሮኒንገን ጋር ሲጫወት ኳስ ለመንጠቅ ሸርተቴ የወረደው ራሱ አጥቂው ነበር፤ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳውም ያኔ ነው። አጥቂው የተከላካይ ሥራ ልሥራ ባለበት በአንድ ቅጽበት የደረሰ ጉዳት ነውና ለመነሻው ተጠያቂ የሚሆን ባላጋራ የለም።

ከጉዳቱ የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የ22 ዓመቱ ልጅ ቀደም ባለው የውድድር ዘመን በሆላንድ ሊግ በ26 ጨዋታ 37 ጎል አስቆጥሮ ለአውሮፓ ሊጎች ኮከብ አግቢ የሚሰጠውን የወርቅ ጫማ የወሰደ ስለነበረ፣ ክለቡ ያለ እርሱ የአውሮፓ ክለቦችን ዋንጫ ማሰብ አልፈለገም። አሠልጣኙ ዮሃን ክራይፍ ከልምምድና ከአንዳንድ የሊግ ጨዋታዎች እንዲያርፍ፣ በአውሮፓ ጨዋታዎች ግን እንዲሰለፍ ከእርሱ ጋር ተስማማ። ክራይፍን ለቫን ባስተን ባዕድ አድርገው እንዳያዩት፤ በኤፕሪል 1982 የ17 ዓመቱ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአያክስ ዋና ቡድን ሲገባ ቦታውን ለቆለት የወጣው ክራይፍ ነበር፣ ልጁም በዚያው ጨዋታ ጎል አግብቷል። በሜይ 1987 አቴንስ ላይ በተደረገው የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ አያክስ ሎኮሞቲቭ ላይፕዚግን 1 ለ 0 ሲረታ፣ ብቸኛዋን ጎል በግንባሩ ገጭቶ ያገባው ቫን ባስተን ነው። ዋንጫው አምስተርዳም ገባ፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን የሚያስፈልገውን ዕረፍት ሳያገኝ ቀረ።

በዚያው ክረምት ወደ ጣሊያኑ ክለብ ሚላን ሄደ፤ የመጀመሪያው ዓመት ግን በቀዶ ጥገናና በማገገም ስላለፈ በሊጉ የተጫወተው 11 ጊዜ ብቻ ነበር። በ1988ቱ የአውሮፓ አገሮች ዋንጫ አገሩ ሆላንድ በሶቪየት ኅብረት 1 ለ 0 ስትሸነፍ፣ 12 ቁጥር ለብሶ ከተቀያሪዎች ወንበር የተነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሁለተኛው ጨዋታ ከመጀመሪያው ተሰልፎ እንግሊዝ ላይ ሃትሪክ ሠራ። በግማሽ ፍጻሜው ሃምቡርግ ላይ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ምዕራብ ጀርመንን የጣለችውን ጎል አገባ።

ፍጻሜው ሰኔ 18 ቀን 1980 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሎምፒክ ስታዲየም ነበር፤ ባላጋራውም ያው የሶቪየት ቡድን ነው። የቡድን ጓደኛው ሩድ ጉሊት በግንባሩ አንድ ካገባ በኋላ፣ በ54ኛው ደቂቃ አርኖልድ ሙረን ከግራ በኩል ወደ ሩቁ ጥግ ረጅም ኳስ አሻማ። ኳሷ በጣም ከፍ ብላ ስለመጣች ለመውረድ ጊዜ ወሰደባት፤ ቫን ባስተንም ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ቀኝ ጫፍ፣ ጎሉ በጭላንጭል ከሚታይበት ጠባብ ማዕዘን ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ሌላ አጥቂ ቢሆን አብርዶ ወደ መሐል ይመልሳት ነበር። እርሱ ግን መሬት ሳትነካ በቀኝ እግሩ፣ በዚያው በተጎዳው እግር፣ መታት፤ በወቅቱ ከዓለም ምርጥ በረኞች አንዱ በነበረው በሪናት ዳሳዬቭ አናት ላይ አልፋ በሩቁ ቋሚ በኩል ገባች። የሆላንድ አሠልጣኝ ሪኑስ ሚሸልስ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አጎትዎ ይህችን ጎል ደጋግመው ቢያወሩ አይፍረዱባቸው።

የሚቀጥሉት አራት ዓመታት የሚላን ናቸው። በ1989 የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ስቴዋ ቡካሬስትን 4 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁለቱን ጎል ቫን ባስተን፣ ሁለቱን ጉሊት አገቡ፤ በዓመቱ ዋንጫውን ደገሙት። ተከላካዮች በሠለጠኑበትና ጎል እንደ ልብ በማይገኝበት የጣሊያን ሊግ በ1991/92 በ25 ጎል ኮከብ አግቢ ሲሆን፣ ሚላን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫውን ወሰደ። በ1988፣ በ1989 እና በ1992 ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን ባሎን ዶር አሸንፏል። በኖቬምበር 1992 በስዊድኑ ክለብ በጎተንበርግ ላይ ብቻውን አራት ጎል አገባ። ከዚህ ጎን ለጎን በ1990ው የዓለም ዋንጫ አንድም ጎል አላገባም፤ በ1992ቱ የአውሮፓ አገሮች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜም በዴንማርክ ላይ የመለያ ምት ስቷል። አጎትዎ እነዚህን እንደማያነሡ እገምታለሁ።

ከጎተንበርጉ ጨዋታ በኋላ በዲሴምበር ቁርጭምጭሚቱ እንደገና ቢላዋ ስር ገባ። በጸደይ ተመልሶ፣ ግንቦት 18 ቀን 1985 ዓ.ም. ሚላን በማርሴይ 1 ለ 0 በተሸነፈበት የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ተሰለፈ፤ ጨዋታው ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩም ተቀይሮ ወጣ። ሜዳው ያው የሙኒክ ኦሎምፒክ ስታዲየም ነው። ያቺን ጎል ካገባ አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ28 ዓመቱ፣ እዚያው ላይ የመጨረሻ ጨዋታውን አደረገ ማለት ነው። ሁለት ዓመት በቀዶ ጥገናና በተስፋ ቆይቶ በኦገስት 1995 ማቆሙን አስታወቀ። በማግስቱ በሚላን ስታዲየም በሳን ሲሮ፣ ማልያ ሳይሆን የዘወትር ልብሱን ለብሶ ሜዳውን እየዞረ ተመልካቹን ሲሰናበት፣ አሠልጣኙ ፋቢዮ ካፔሎ እንባቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

እንግዲህ ተከላካዮቹ ንጹሐን ናቸው ማለቴ አይደለም። በዚያ ዘመን አጥቂን ከኋላ መጥለፍ ብዙ ጊዜ በቢጫ ካርድ የሚታለፍ ነበር፤ ፊፋ በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ዋዜማ ከኋላ የሚደረግ አደገኛ ሸርተቴ በቀይ ካርድ እንዲቀጣ ሲያዝ ብዙዎች ያስታወሱት የቫን ባስተንን እግር ነበር። የታመመ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፍ ርግጫ ጤነኛው ላይ ከሚያርፈው ይልቅ ይጎዳል፤ በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ለስላሳ ልባስ አንዴ ካለቀ ደግሞ በዕረፍት አይመለስም። ቢሆንም «እገሌ ሰበረው» የሚባል አንድ ሰው የለም።

ወጣቶቹ ስለ ዕድሜው የሚሉት እውነት ነው፤ ሊዮኔል ሜሲ የዓለም ዋንጫን ያነሣው በ35 ዓመቱ ነው። ነገር ግን ለአያክስ በሊግ በ133 ጨዋታ 128 ጎል፣ ለሚላን በ147 ጨዋታ 90 ጎል ያገባን ሰው በቀረበት ዓመት ብቻ መመዘን ተገቢ አይመስለኝም። አጎትዎ በችሎታው ስለረቱ፣ በሰባሪው ስለተረቱ፣ ሒሳቡን ለሁለት ከፍላችሁ ክፈሉ።

የወንድምዎ ነገር ግን ከቡናው ይበልጣል። ወለምታ ከወር በላይ ከቆየና ከጨዋታ በኋላ እያበጠ ካስቸገረ፣ የቡድኑ ወጌሻ አሽቶ የሚመልሰው ላይሆን ስለሚችል፣ የአጥንት ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ራጅ እንዲነሣ ያድርጉ። ፋሻ እብጠትን ይሸፍናል እንጂ የላላ ጅማትን አያጠብቅም። ሐኪሙ እስኪያየው ድረስም ታኬታውን እርስዎ ዘንድ ቢያስቀምጡት መልካም ነው፤ የ16 ዓመት አጥቂ በቃሉ ብቻ ከሜዳ አይቀርም።