ድረ ገጽ ለመክፈት ለምታስቡ ወጣቶች፦ ከመፈረማችሁ በፊት ልትጠይቁባቸው የሚገቡ ቃላት

ውድ ወጣቶች፣

የድረ ገጽ ሥራ ውሎችን በመመርመርና ነጋዴዎችን በማማከር ረጅም ዕድሜ ካሳለፍኩበት ሙያ ያገኘሁትን፣ በኢንተርኔት ለመነገድ ለምታስቡና ጀምራችሁም መንገድ ላይ ላላችሁ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ድረ ገጽ የሚሠራላችሁ ባለሙያ ዶሜይን፣ ሆስቲንግ፣ ኤስኤስኤል፣ ትራፊክ፣ ኮንቨርዥን እያለ ሲዘረዝር ብዙዎቻችሁ መጠየቅ አላዋቂ የሚያሰኝ እየመሰላችሁ ራሳችሁን በመነቅነቅ ታልፉታላችሁ። እነዚህን ቃላት እኔ የማያቸው እንደ ውል ቃላት ነው፤ አብዛኞቹ ወይ የምትከራዩትን ነገር ወይ የሚቆጠርላችሁን ነገር ያመለክታሉና። ስለዚህ የምትከራዩት ከሆነ በማን ስም እንደ ተመዘገበ፣ የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ቆጣሪው ማን እንደ ሆነና ምኑን እንደሚቆጥር ጠይቁ።

ከዶሜይን ልጀምር፤ ብዙውን ጣጣ ያየሁት እዚያ ነውና። ዶሜይን ደንበኛው ብራውዘር ላይ የሚጽፈው የድረ ገጻችሁ ስም ነው። በተለምዶ «ዶሜይን ገዛሁ» ይባላል እንጂ ለዘለቄታው የሚሸጥ ስም የለም፤ ነጥብ ኮምን በመሰሉት ስር ያለ ስም ቢያንስ ለ1 ዓመት፣ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይመዘገባል፣ ጊዜው ሲደርስም ይታደሳል። ስሙን የሚመዘግበው ድርጅት ሬጅስትራር ሲባል፣ ለእነዚህ ዓለም አቀፍ ስሞች ሬጅስትራሮች ፈቃድ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው አይካን ነው። ስሙ የተመዘገበለት ሰው ወይም ድርጅት ደግሞ ሬጅስትራንት ይባላል። ለእናንተ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ባለሙያው በቅጹ ላይ የራሱን ስምና የራሱን ኢሜይል ሞልቶ ከሆነ፣ ገንዘቡን የከፈላችሁት እናንተ ብትሆኑም መዝገቡ የሚያውቀው እሱን ነው።

አንድ የማውቀው የቤት ዕቃ አምራች የድረ ገጹን ስም በካርቶኑ፣ በደረሰኙና በመኪናው ላይ ሳይቀር አሳትሞ ሳለ፣ ስሙን ያስመዘገበለት ወጣት ወደ ውጭ አገር ሄደ። ክፋት አልነበረበትም፤ የድሮ ኢሜይሉን መክፈት ተወ እንጂ። ሬጅስትራሩ ስሙ ከማለቁ አንድ ወር ገደማና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማስታወሻ መላክ ግዴታው ነው፤ ማስታወሻው ግን የሚላከው ለተመዘገበው ሰው ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ሬጅስትራሩ እንደ ደንቡ እስከ 45 ቀን ሊታገስ ይችላል፤ ከዚያ ስሙ ሲሰረዝ ከፍ ባለ ክፍያ የሚመለስበት የ30 ቀን ጊዜ አለ፤ ቀጥሎ 5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ለማንም ክፍት ይሆናል። አምራቹ ነገሩን የሰማው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነበር፤ ስሙን ሌላ ሰው ወስዶታል። ይህን የምነግራችሁ ያ ሁሉ ጊዜ በቂ ማስጠንቀቂያ እንደ ነበረ፣ ነገር ግን ለሚመለከተው ሰው እንዳልደረሰ እንድታስተውሉ ነው።

የእኛ አገር ሁኔታ በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይጨምራል። ነጥብ ኮም በዶላር ስለሚከፈል፣ ብዙዎቻችሁ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ባለ ዘመድ ካርድ ታስከፍላላችሁ። መጀመሪያ ላይ ይህ ነውር የለውም፤ ሆኖም «በራሱ ይታደሳል» የሚባለው አሠራር የሚታመነው ካርዱ እስካለ ድረስ ነው፤ የዘመዳችሁ ካርድ ሲቀየር እድሳቱም ይከሽፋል። አካውንቱ በእናንተ ኢሜይል ይከፈት፣ የማብቂያው ቀን በሁለት ሰዎች ስልክ ላይ ይመዝገብ፣ አቅም ካለም የብዙ ዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ ይከፈል። ከአንዱ ሬጅስትራር ወደ ሌላው ለመዛወር የሚያስፈልገው ምስጢራዊ ቃል ኦውዝ ኮድ ይባላል፤ አዲስ የተመዘገበ ስም ግን በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ውስጥ በአብዛኛው አይዛወርም። የኢትዮጵያ የሆነውን ነጥብ ኢቲ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ደንበኛችሁ እዚሁ አገር ከሆነ በ«ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ» (.com.et) የሚያልቅ ስም ክብር አለው ባይ ነኝ፤ ሰው ሲያየው አገሩን ያውቃል።

ሆስቲንግ የድረ ገጻችሁ ፋይሎች የሚቀመጡበትን፣ ሰርቨር የሚባለውን ኮምፒውተር መከራየት ነው። ርካሹ ዓይነት ሼርድ ሆስቲንግ ሲባል፣ በአንድ ግቢ ተከራይተው በአንድ ቧንቧ እንደሚጠቀሙ ጎረቤቶች ነው፤ አንዱ በርሜል ሲሞላ የሌላው ውኃ ይቀጥናል። ለጀማሪ ይበቃል። «ያልተገደበ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ግን ገደቡ በትናንሽ ፊደል የት እንደ ተጻፈ ፈልጉ፤ መኖሩ አይቀርም። ዶሜይኑንና ሆስቲንጉን ከአንድ ድርጅት መውሰድ ግዴታ አይደለም። ስሙን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ዲኤንኤስ ነው፤ የዲኤንኤሱ ይለፍ ቃል ያለው ሰው ድረ ገጻችሁን ወደ ፈለገበት ሊመራው ይችላልና በማን እጅ እንዳለ እወቁ።

ስለ ኤስኤስኤል አጭር ነገር ብቻ እላለሁ። በደንበኛውና በሰርቨሩ መካከል የሚያልፈውን መረጃ መንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው የሚሰውር ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ተቋም ሰርቲፊኬቱን በነጻ ይሰጣል፤ ስለዚህ ለዚህ ብቻ ብዙ ሺህ ብር የሚጠይቃችሁን ሰው ምን እንደሚጨምርላችሁ ጠይቁት። ደግሞም ኤስኤስኤል መኖሩ የድረ ገጹ ባለቤት ታማኝ መሆኑን አያሳይም፤ አጭበርባሪም ያንኑ ነጻ ሰርቲፊኬት ያገኛል።

«ቴሌግራም ቻናልና የቲክቶክ ገጽ እያለን ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ጥያቄ ከእናንተ በተደጋጋሚ እሰማለሁ። እውነት አላችሁ፤ ደንበኛው ያለው እዚያ ነው፣ ለጀማሪም እንደዚያ የሚቀል ነገር የለም። ይሁንና እነዚህ ፕላትፎርም የሚባሉት የሌላ ሰው ይዞታዎች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገራችን ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብለው እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያ ጊዜ የደንበኞቻቸውን ስልክ ቁጥር በፈቃዳቸው መዝግበው የያዙ ነጋዴዎች ደውለው ሲሸጡ፣ «ፎሎወር» ብቻ የነበራቸው ግን ከደንበኞቻቸው ጋር ተቆራረጡ። ፎሎወርና ደንበኛን ለይታችሁ ቁጠሩ።

ስለ ቁጥር፣ ማለትም ትራፊክ ስለሚባለው የጎብኚ ብዛት ከተነሣ፣ ሰው በጣም የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው «በወር መቶ ሺህ ሂት አላችሁ» ቢላችሁ አትደሰቱ። ሂት ሰርቨሩ የተጠየቀው የፋይል ብዛት ነው፤ 30 ፎቶግራፍ ያለበትን ገጽ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሲከፍተው፣ ገጹና ፎቶዎቹ ብቻ 31 ሂት ይሆናሉ። ፔጅ ቪው የተከፈቱት ገጾች ብዛት ነው፤ ሴሽን አንድ ሰው ገብቶ እስኪወጣ ያለው ጉብኝት ነው፤ ዩኒክ ቪዚተር ደግሞ የተለያዩ ጎብኚዎች ቁጥር ነው ይባላል። «ይባላል» ያልኩት በምክንያት ነው። የሚቆጠረው በአብዛኛው ብራውዘሩ ነውና፣ ጠዋት በስልኩ ማታ በቢሮው ኮምፒውተር የገባ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይመዘገባል፤ በአንድ ስልክ የሚጠቀሙ እናትና ልጅ ደግሞ አንድ ይሆናሉ። በዚህ ሁሉ ላይ ሰው ያልሆኑ ቦት የሚባሉ ፕሮግራሞች ይመላለሳሉ።

ባውንስ ሬት ገብተው ወዲያው የወጡትን በመቶኛ ያሳያል። ጉብኝቶችን በሚቆጥረው በዛሬው ጉግል አናሊቲክስ አንድ ጉብኝት ከ10 ሰከንድ በላይ ካልቆየ፣ ሁለተኛ ገጽ ካልተከፈተና እናንተ ቁልፍ ብላችሁ የሰየማችሁት ድርጊት ካልተፈጸመ ባውንስ ተብሎ ይቆጠራል። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ሁልጊዜ መጥፎ ዜና ነው ማለት ግን አይደለም። ስልክ ቁጥራችሁን ብቻ ፈልጎ በአምስት ሰከንድ አግኝቶ የደወለ ደንበኛ በመዝገቡ ላይ ባውንስ ነው፤ በሱቃችሁ ግን ገዢ ነው። በእኛ አገር ብዙ ሰው አይቶ ስለሚደውል፣ በድረ ገጹ በኩል ለሚደውሉ ብቻ የተለየ ስልክ ቁጥር ብታስቀምጡ ከየትኛውም ሪፖርት የበለጠ ይነግራችኋል።

ኮንቨርዥን ከመጡት ውስጥ የፈለጋችሁትን ያደረጉት ድርሻ ነው፤ 4,000 ጉብኝት 20 ትእዛዝ ካስገኘ 0.5 በመቶ ማለት ነው። የማስታወቂያ ሂሳብም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ለምሳሌ 2,000 ብር ከፍላችሁ ማስታወቂያው 100,000 ጊዜ ታየ እንበል። የአንድ ሺህ ዕይታ ዋጋ፣ ማለትም ሲፒኤም፣ 20 ብር ሆነ፤ ይህ ርካሽ ይመስላል። 400 ሰው ከተጫነው የአንዱ ክሊክ ዋጋ፣ ሲፒሲ የሚባለው፣ 5 ብር ነው፤ ይህም ደህና ይመስላል። ከ400ው የገዙት 8 ከሆኑ ግን አንድ ገዢ ያመጣችሁት በ250 ብር ነው፤ ከአንድ ዕቃ የምታተርፉት 180 ብር ከሆነ በእያንዳንዱ ሽያጭ 70 ብር እየከሰራችሁ ነው። ማስታወቂያ ሻጩ የሚያሳያችሁ የመጀመሪያውን ቁጥር ሲሆን፣ የመጨረሻውን ማስላት የእናንተ ሥራ ነው። ሪች ስንት ሰው እንዳየው፣ ኢምፕሬሽን ስንት ጊዜ እንደ ታየ መሆኑንም አታቀላቅሉ።

ኤስኢኦ ድረ ገጻችሁ በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ብሎ እንዲወጣ የሚደረግ ሥራ ነው። «ጉግል ላይ አንደኛ አደርጋችኋለሁ» ብሎ ዋስትና ከሚሰጥ ሰው ራቁ፤ ማንም እንዲህ ያለ ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ጉግል ራሱ ያስጠነቅቃል። በአማርኛ ለሚነግድ ሰው ከውጭ አገር መመሪያዎች የማይገኝ ሥራ አለ። አንዱ ደንበኛ «ሐበሻ ቀሚስ» ብሎ በሐመሩ ሐ ይፈልጋል፤ ሌላው «ሀበሻ» ብሎ በሃሌታው ሀ፤ አሜሪካ የምትኖረው ደግሞ በላቲን ፊደል ትጽፈዋለች፣ እሱንም እንደ መጣላት። እነዚህን አጻጻፎች በገጻችሁ ጽሑፍ ውስጥ በተፈጥሯዊ መንገድ አስገቧቸው። ዋጋውንና የዕቃውን ስም በፖስተር ላይ ብቻ ሠርታችሁ የምትለጥፉ ከሆነ፣ የፍለጋ ሞተሩ ምስል ላይ የተሳለውን ፊደል እንደ ጽሑፍ ያነብልናል ብላችሁ አትተማመኑ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባለውን ልማድ ደግሞ፣ ሽማግሌ ነው ብላችሁ ብትስቁም፣ ፈጽሞ አልወደውም፤ ዋጋ የሚደብቅ ሱቅ ገዢውን ያደክማል።

ፔይመንት ጌትዌይ ደንበኛው ከቴሌብር፣ ከባንክ ወይም ከካርድ የሚከፍለውን ተቀብሎ ወደ ሂሳባችሁ የሚያስተላልፍ አገናኝ ነው፤ በአገራችን ቻፓንና አሪፍፔይን የመሳሰሉ አሉ። ውላቸውን ስታነቡ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ከእያንዳንዱ ክፍያ የሚቀነሰውን ኮሚሽን፣ እና ሴትልመንት የሚባለውን፣ ማለትም ገንዘቡ በስንት ቀን እጃችሁ እንደሚገባ። ዕቃ በብድር ለምታመጡ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሊከብድ ይችላል። ብዙ ሻጮች ዛሬም ደንበኛው የላከውን ስክሪንሾት አይተው ዕቃ ይለቃሉ፤ ስክሪንሾት ግን በስልክ የሚቀነባበር ምስል ነው። ክፍያ መፈጸሙን ጌትዌዩ በቀጥታ ለሰርቨራችሁ የሚያሳውቅበት መልእክት ዌብሁክ ይባላል፤ ባለሙያው ይህን ማገናኘቱን፣ መልእክቱ ከጌትዌዩ መምጣቱንም ማረጋገጡን ጠይቁት። ይህ ካልተቻለ የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን ሳታዩ ዕቃ አትልቀቁ። ድረ ገጻችሁ ለጌትዌዩ ማንነቱን የሚያስመሰክርበትን፣ ሲክሬት ኪይ የሚባለውን ምስጢራዊ ቁልፍ በቴሌግራም ለማንም አትላኩ፤ እሱን የያዘ በስማችሁ ያዛል።

ከሕጉ በኩል፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ስምምነትና መዝገብ ሕጋዊ ውጤት እንዲኖረው አድርጓል፤ ስለዚህ በድረ ገጻችሁ ላይ «ዕቃ ይመለሳል» ብላችሁ የጻፋችሁት ሊያስጠይቃችሁ ይችላል። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የደንበኛን ስም፣ ስልክና አድራሻ የሚሰበስበውን ሁሉ ይመለከታል። ከሌላ ድረ ገጽ የተገለበጠ «ፕራይቬሲ ፖሊሲ» ለጥፋችሁ አትለፉት፤ ምን እንደምትወስዱና ለምን እንደምትወስዱ በራሳችሁ አማርኛ ጻፉት።

የመጨረሻው ቃል ባክአፕ ነው፤ የድረ ገጹ ፋይሎችና ዳታቤዙ ተቀድተው ሌላ ቦታ የሚቀመጡበት ቅጂ ማለት ነው። ቅጂው እዚያው ሆስቲንግ ላይ ብቻ ከተቀመጠ፣ ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። «ባክአፕ አለ» የሚል ወረቀትም አይበቃችሁም፤ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ባለሙያው ከቅጂው ተነሥቶ ድረ ገጹን በባዶ ቦታ ላይ ዓይናችሁ እያየ እንዲያስነሣው ጠይቁት፤ የዶሜይኑን፣ የሆስቲንጉን፣ የዲኤንኤሱንና የጌትዌዩን መግቢያዎች በተረከባችሁበት ዕለትም ይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ቀይሩ።

አክባሪያችሁ