የሰፈሩን ወጣት በምን እንሸልም? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ለወጣቶች ማበረታቻ 12,000 ብር ፈቅዷል። አምና ለአንድ «ምስጉን ወጣት» ሞባይልና የምስክር ወረቀት ሰጥተን ነበር፤ ያተረፍነው ማጉረምረም ነው። «የሊቀመንበሩ ዘመድ ስለሆነ ነው» ተባለ። ዘንድሮ ክረምቱን በደንብ ልንጠቀምበት እንፈልጋለን። ምን ትሉናላችሁ?
የእድር ጸሐፊ፣ ከጎንደር ማራኪ

መልስ፦ ነገሩን ያበላሸው ዘመድነት ብቻ አይደለም። ትልቅ ሽልማት በዓመት አንዴ ሲሰጥ ተሸላሚው ራሱ ለየትኛው ሥራው እንደተሸለመ አያውቅም። የቀሩት ልጆች ደግሞ ገና ከጅምሩ «ለእኔ አይደርስም» ብለው ትተውታል። ስለዚህ ገንዘቡን ሸንሽኑት።

መልካም ሲሠራ ለታየ ልጅ የሚሰጥ፣ በሰፈሩ ሱቆች የ25 ብር ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚያስገኝ 400 ካርድ አሳትሙ፤ 10,000 ብር ይሆናል። የቀረው 2,000 ለኅትመትና ለመዝጊያው ቀን ቡናና ዳቦ ይሁን። በአንድ ኤ4 ወረቀት ስምንት ካርድ ስለሚወጣ 50 ወረቀት ይበቃችኋል። ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስከረም አጋማሽ 16 ሳምንት ገደማ ነው። አምስት ሰጪዎች ምረጡና እያንዳንዳቸው በሳምንት አምስት ካርድ ይያዙ። ያልተሰጠ ካርድ ቅዳሜ ይመለስ፤ ለማዳረስ ብቻ ተብሎ የሚታደል ካርድ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋጋ ያጣል።

ሰጪዎቹ የእድሩ ኮሚቴ አባላት ባይሆኑ እንመርጣለን። ቀኑን ሙሉ ዓይናቸው መንገድ ላይ የሆነ ሰዎች ይሻላሉ፦ ባለሱቋ፣ የቦኖ ውሃ የምታስቀዳው፣ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪው፣ በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ የሚያነቡት ጡረተኛ መምህር። በካናዳዋ ሪችመንድ ከተማ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እንዲህ ያለውን ካርድ ይሰጡ የነበሩት ፖሊሶች ናቸው፤ ልጁ ጥፋት ሲሠራ ሳይሆን መልካም ሲሠራ «ይያዝ» የሚል ሐሳብ ነበር። የእዚያ ዓላማ ፖሊስንና ወጣቱን ማቀራረብ ነበር። የእናንተ ዓላማ ሰፈሩን ማቀራረብ ከሆነ ሰጪው ጎረቤት ይሁን።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ለምን እንደምትሸልሙ ነው። «ጨዋነት» ወይም «ሥነ ምግባር» ብላችሁ አትጻፉ፤ ማንም አይቶ ሊመሰክርለት አይችልም። በዓይን የሚታዩ አራት ወይም አምስት ሥራዎችን ብቻ ለዩ። ለምሳሌ፦ ትንንሽ ልጆችን አስፋልት ማሻገር፤ ዝናብ ሳይመጣ በቤቱ ፊት ያለውን ቦይ መጥረግ፤ የአረጋዊ ጀሪካን ተሸክሞ ማድረስ፤ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲያይ ሳይነካ ሰው ከልክሎ ለአዋቂ መናገር፤ ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ መጥራት። ሰጪው ካርዱን እዚያው በዚያው ይስጥ፤ ለማታ ቢባል እንኳ ይቀዘቅዛል። ሲሰጥም ሥራውን በስሙ ይጥራ፤ «ጎበዝ» ብቻ ብሎ አይለፍ። «የእትዬን ጀሪካን እስከ በራቸው ስላደረስህ ነው» ይበለው። ካርዱ ላይ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የተሠራው ሥራና የሰጪው ፊርማ ይኑር፤ የእድሩ ማኅተም ቀድሞ ያረፈበት ይሁን።

የማይሸለም ሥራም አስቀድማችሁ ወስኑ። አንደኛው ጥቆማ ነው። ልጅ ጓደኛውን አሳልፎ ሰጥቶ ካርድ ከተቀበለ ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ይበጠበጣል። ሁለተኛው «ጫት አልቃመም፣ አልተደባደበም» የሚለው ነው፤ ያልተደረገ ነገር አይታይም፤ ወሬ ብቻ ይሆናል። ሦስተኛው አደገኛ ጀግንነት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቀሃ ወንዝ ሲሞላ ወይም አንገረብ ግድብ ላይ ሰው ሲወድቅ ዘሎ የገባውን ከሸለማችሁ፣ በሚቀጥለው ዋና የማይችለውም ይገባል። የምትሸልሙት ከዳር ሆኖ ገመድ የወረወረውን ነው። ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን በገመድ ታስሮ ቢወረወር ሰው ይዞ ይንሳፈፋል፤ ይህን ለልጆቹ አንድ ቀን በተግባር ማሳየት ከብዙ ካርድ ይበልጣል።

ካርዱ የሚመነዘርባቸው ሁለት ሦስት ቤቶች ያስፈልጋሉ፦ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጁስ ቤት። በ25 ብር የማይገኝ ነገር ካለ ሁለት ሦስት ካርድ ማጠራቀም ይፈቀድ። ከባለቤቶቹ ጋር ዋጋውን በጽሑፍ ተስማሙ፤ በየቅዳሜው ካርዳቸውን ተቀብላችሁ በእጃቸው ክፈሉ። ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ክፍያ ሲዘገይ ባለሱቁ አንዱን ልጅ «ካርዱ አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል፣ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ለአድልዎ መድኃኒቱ ሁለት ደንብ ነው፦ ማንም ለቤተሰቡና ለዘመዱ አይሰጥም፤ አንድ ልጅ በወር ከሁለት ካርድ በላይ አያገኝም። ሁለተኛው ደንብ ቦዩን ራሱ ደፍኖ ራሱ የሚጠርገውንም ያስታግሳል (አይቀርም፣ ይመጣል)። ጥሬ ገንዘብ አትስጡ፤ ብር ሲሆን ልጁ ድካሙን በሒሳብ ማስላት ይጀምራል፣ 25 ብር ደግሞ ለደመወዝነት ታንሳለች። በየሳምንቱ የሚመደብበት ቋሚ ሥራ ከሆነ ግን ሽልማት መሆኑ ቀርቷል፤ ቅጥር ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይከለክላል።

ጥያቄ፦ እኛ ካርዱን ጀምረናል፤ የሚያገኙት ግን ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴቶቹ ሰነፉ እንዴ?
የወጣት ማኅበር አባል፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ሰጪዎቻችሁ የት እንደሚቀመጡ ተመልከቱ። ሁሉም አስፋልት ዳር ከሆኑ የሚያዩት ወንዶችን ነው። አንዷ ሰጪ ቦኖው ጋ፣ ሌላዋ ወፍጮ ቤት ወይም ጤና ጣቢያ በር ላይ ትሁን። መመንዘሪያውንም ፈትሹ፤ ወንዶች የሚሰበሰቡበት ጁስ ቤት ብቻ ከሆነ ብዙ ሴት ልጅ ካርዷን ይዛ ትቀራለች። ደብተርና ሞዴስ የምታገኝበትን ሱቅ ጨምሩ፤ ባለሱቋም ሴት ብትሆን ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ በጥምቀት ታቦቱ በሚያልፍበት ምንጣፍ የሚያነጥፉና ገመድ ይዘው ሕዝቡን የሚያስተናግዱ ወጣቶች አሉን። አንድ ባለሀብት ለእያንዳንዱ 500 ብር ልክፈል ብለዋል። እንቀበል?
የሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ገንዘቡን ተቀበሉ፤ ለየግል ግን አታከፋፍሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» ተብለው የተሸለሙት በኋላ በነጻ ሰዓታቸው ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል አነሰ። ሳይነገራቸው ድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ልጆቻችሁ ምንጣፉን እየጠቀለሉ ወደፊት የሚሮጡት በፍቅር ነው። 500 ብር ከገባበት በሚቀጥለው ዓመት «600 ካልሆነ» የሚል ይመጣል፤ ባለሀብቱ የቀሩ ዓመት ደግሞ ማን ያነጥፋል?

ብሩን ሥራው በሚፈልገው ላይ አውሉት፦ ወፍራም ገመድ፣ የእጅ ጓንት፣ ምንጣፍ ማጠቢያ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ለሁለተኛ ቡድን የሚሆን ቲሸርት። ጥር 10 ለከተራ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱም ሆነ ጥር 11 ሲመለሱ አንድ ቡድን ብቻውን ሙሉውን መንገድ ከተሸከመ መጨረሻ ላይ ገመዱ ይላላል፤ ግፊያም የሚፈጠረው ያኔ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ የሚቀያየሩ ሁለት ቡድኖች አድርጉ። ከበዓሉ በኋላ አንድ ማዕድ አብራችሁ ብሉ፤ አስቀድማችሁ ግን አታውሩት።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ካርድ ከተጀመረ ወዲህ የ14 ዓመት ልጄ ዳቦ ግዛ ስለው እንኳ «ምን ትሰጪኛለሽ?» ይለኛል።
እናት፣ ከቀበሌ 18

መልስ፦ «ካርዱ የሰፈር ነው፤ ዳቦው የቤታችን ነው» ይበሉትና ወደ ድርድር አይግቡ። ሲመለስ ማመስገንዎን ግን አይተዉ። መጀመሪያ ሦስት አራት ቀን ይብስበታል፣ ያኮርፋል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በአራተኛው ቀን ሰልችቶዎት አንዴ ከከፈሉ የሚማረው አራት ቀን ማኩረፍ እንደሚያዋጣ ነው፤ ስለዚህ ካልቻሉ ከመጀመሪያው አይጀምሩት፣ ከጀመሩም አባቱንና አያቱን ቀድመው ያስማሙ። ብዙውን ጊዜ በጓዳ በኩል የምትከፍለው አያት ናት።