የወንጀል ምስክር ነኝ፤ ሂፕኖሲስ ባደርግ ኬዙን ያበላሸዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የተከበሩ ጠበቃ። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። ነዳጅ ማደያ ውስጥ የማታ ካሸር ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ሁለት ሰዎች ሽጉጥ ደቅነው ዘረፉን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሐኪሜ ኪኒን አዘዘልኝ፣ እሱን እየወሰድኩ ነው። ፖሊስ አንድ ሰው ይዟል፤ ዲቴክቲቩ ፍርድ ቤት ቀርበሽ ልትመሰክሪ ትችያለሽ ብሎኛል። የመኪናቸውን ታርጋ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ቁጥሩ ግን ጠፍቶብኛል። አንዲት ጓደኛዬ ሂፕኖሲስ የሚሠራ ሰው ጋ ወሰደችኝ። ሰውየው «እንቅልፍሽን እመልሳለሁ፣ ታርጋውንም አወጣልሻለሁ፣ ኪኒኑን ግን ተዪው» አለኝ። ለስምንት ቀጠሮ ከፍያለሁ፣ ገና አልጀመርኩም። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ስትሰማ «ጋኔን ያስገባብሻል» ብላ አለቀሰች። ለመሆኑ ሕጋዊ ነው? ኬዙንስ ይጎዳዋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ደስ ያለኝ አንድ ነገር «ገና አልጀመርኩም» ማለትዎ ነው። እንኳን አልጀመሩ። ከዲቴክቲቩ ወይም ጉዳዩን ከያዘው ዐቃቤ ሕግ ጋር ሳይነጋገሩም እንዳይጀምሩ። ሂፕኖሲስ፣ ማለትም የሰውን ትኩረት አንድ ነገር ላይ ሰብስቦ ለሚነገረው ሐሳብ ክፍት ማድረግ፣ ሕገ ወጥ ሆኖ አይደለም። ለእንቅልፍ ይርዳ አይርዳ ደግሞ ሐኪምዎ የሚመልሱት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ «ታርጋውን አወጣልሻለሁ» የምትለዋ ነገር ናት።

ይህ ነገር ካሊፎርኒያ ውስጥ የቆየ ታሪክ አለው። በ1976 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ) ቻውቺላ በምትባል ትንሽ ከተማ 26 ልጆች ከነሹፌራቸው ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ታፍነው ተወሰዱ። መሬት ውስጥ በተቀበረ የጭነት ሳጥን ውስጥ ተዘጋባቸው፤ ቆፍረው ወጡ። በኋላ ሹፌሩ በሂፕኖሲስ ሲጠየቅ የአንዱን መኪና ታርጋ፣ አንዲት አኃዝ ብቻ ሲቀር፣ ተናገረ። ወሬው አገር ምድሩን አዳረሰ። የሎስ አንጀለስ ፖሊስም በእነዚያ ዓመታት መኮንኖቹን ሂፕኖሲስ ያሠለጥን ነበር። የእርስዎ ሰውዬም ይህን ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም።

ያልሰማው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። በ1982 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሸርሊ በሚባለው ጉዳይ በሩን ዘጋው። ትዝታውን ለመመለስ ሂፕኖሲስ የተደረገለት ምስክር፣ ስለዚያ ነገር የሚሰጠው ቃል አይሰማም አለ። ውሳኔው ከባድ ነበር። ዐቃቤ ሕጎች ጮኹ፣ ሕግ አውጪውም ጥቂት አላላው። ዛሬ የምንሠራበት የማስረጃ ሕጉ አንቀጽ 795 የመጣው እንዲህ ነው።

አንቀጹ የሚለው ይህን ነው። በወንጀል ጉዳይ ላይ ምስክሩ ትዝታውን ለመመለስ ሂፕኖሲስ ተደርጎለት ከሆነ፣ መመስከር የሚችለው ከሂፕኖሲሱ በፊት ያስታወሰውንና የተናገረውን ብቻ ነው። ያም ቃል ከሂፕኖሲሱ በፊት በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በቪዲዮ ተይዞ መቀመጥ አለበት። ሂፕኖሲሱም እንደነገሩ አይደረግም። ምስክሩ ምን እንደሚደረግለት ገብቶት ይስማማል። ከመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ እስከ መጨረሻው ድረስ በቪዲዮ ይቀረጻል። የሚያካሂደው ፈቃድ ያለው ሐኪም፣ ሳይኮሎጂስት ወይም ሕጉ የዘረዘረው ሌላ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው፤ ያውም የሂፕኖሲስ ልምድ ያለውና ከሁለቱም ወገን ነጻ የሆነ። ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግም ሆነ ተከላካይ ጠበቃ እዚያ ክፍል ውስጥ አይገኝም። ይህም ሆኖ ዳኛው ለብቻ ችሎት ይዞ ሁሉንም ይመረምራል።

አሁን ሰውየውን በዚህ መስፈርት ይመዝኑት። ከደብዳቤዎ እንደገባኝ ፈቃድ የለው፣ ቪዲዮ የለው። ቢቀናውና ቁጥሩን ቢያወጣልዎት እንኳ ያንን ቁጥር ችሎት ላይ መናገር አይችሉም። የባሰው ደግሞ ሌላው ነው። ዛሬ በደንብ የሚያስታውሱት የዘራፊው ፊት፣ ድምፁ፣ የጃኬቱ ቀለም ጭምር ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ተከላካይ ጠበቃው ተነሥቶ «ይህን ያየችው ያን ሌሊት ነው ወይስ ሶፋ ላይ ተጋድማ?» ይላል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። አንዲት ታርጋ ፍለጋ ሄደው ሙሉ ምስክርነትዎን ሊያጡ ይችላሉ።

ሕጉ ለምን እንዲህ ተጠራጠረ? ትዝታ እንደ ካሜራ ቅጂ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነገር ስላልሆነ ነው። በሂፕኖሲስ ጊዜ ሰው ለሚነገረው ሐሳብ ይበልጥ ክፍት ይሆናል። የጎደለውን አእምሮው ራሱ ይሞላዋል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1985 ባወጣው ሪፖርት በሂፕኖሲስ የተገኘ ትዝታ ከተራው ትዝታ ይበልጥ ትክክል ነው ማለት እንደማይቻል ጽፏል። ክፉው ነገር እርግጠኝነቱ ነው። ምስክሩ የተሳሳተውንም ቁጥር ማርያምን ብሎ ይምልበታል። እንዲህ ያለ ሰው በመስቀለኛ ጥያቄ አይናወጥም፣ ጁሪ ደግሞ እርግጠኛ ሰው ይወዳል። በዚህ መሀል ሌላ ንጹሕ ሰው ሊታሰር ይችላል።

ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እኮ ፈቅዷል» የሚል ካጋጠመዎት፣ ያ የካሊፎርኒያው ሳይሆን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 የወሰነው የአርካንሳስ ጉዳይ ነው። ባሏን ገድላለች ተብላ የተከሰሰች ሴት በሂፕኖሲስ ያስታወሰችውን እንዳትናገር በደፈናው መከልከል ሕገ መንግሥታዊ መብቷን ይነካል ተባለ። ያ የተከሳሽ መብት ነው። እርስዎ ምስክር ነዎት፣ አይመለከትዎትም።

ስለ እንቅልፉ ልመለስ። አንቀጽ 795 የሚናገረው ትዝታ ለመመለስ ስለሚደረግ ሂፕኖሲስ ነው። ለእንቅልፍ ብቻ ከሆነ በቀጥታ አይነካዎትም። ግን እንቅልፍ የነሳዎት ያው ሌሊት አይደል? ቀጠሮው ላይ ስለ ዘረፋው አንዴ ወሬ ከተነሣ መስመሩ ይደበዝዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ለዐቃቤ ሕጉ ይንገሩ። ለፖሊስ የሰጡት ቃል በሙሉ በጽሑፍ ወይም በድምፅ መያዙን ይጠይቁ፤ የጎደለ ካለ ሕክምናውን ሳይጀምሩ ይሙሉት። ደብቄ ልሂድ እንዳይሉ። በመሐላ ላይ ሆነው ሂፕኖሲስ አድርገሻል ወይ ተብለው ከተጠየቁ እውነቱን መናገር ግዴታዎ ነው።

ከዚያ ሕክምናውን ፈቃድ ካለው ሰው ይውሰዱ። ሂፕኖሲስ በሥራቸው ውስጥ የሚጠቀሙ ሐኪሞችና ሳይኮሎጂስቶች አሉ። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ለተጎጂዎች የተመደቡ ረዳቶች አሉት፤ ይጠይቋቸው። የካሊፎርኒያ የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ቦርድም ለአእምሮ ጤና ሕክምና ይከፍላል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለውም ሰው ማመልከት ይችላል። ሐበሻው ይህን መብቱን ሳይጠቀምበት ጊዜው ያልፍበታል፣ ያናድደኛል።

ሕጋዊ ነው ወይ ላሉት፣ መልሱ አዎ ነው፤ ግን ገደብ አለው። ካሊፎርኒያ የሂፕኖሲስ ሠራተኛ ለሚባል ሰው ፈቃድ አትሰጥም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰርተፍኬት የሠለጠነበት ተቋም ወረቀት ነው፣ የስቴቱ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ የሌለው ሰው ሂፕኖሲስን ለራስ ማሻሻያ ሊጠቀምበት ይችላል። ለምሳሌ ለጥናት፣ ለስፖርት፣ ሰው ፊት ለመናገር። የስሜት ወይም የአእምሮ ሕመም አክማለሁ ሲል ግን፣ ከሐኪም፣ ከጥርስ ሐኪም ወይም ከሳይኮሎጂስት ካልተመራለት በቀር፣ ከሳይኮሎጂ ሕጉ ጋር ይጋጫል።

ሌላም ግዴታ አለበት። እንዲህ ዓይነት አገልግሎት የሚሰጥ ፈቃድ የሌለው ሰው፣ ሐኪም አለመሆኑን፣ ሥራው በስቴቱ ፈቃድ ያልተሰጠው መሆኑን፣ ምን እንደሚሠራና ምን እንደተማረ በጽሑፍ ገልጾ ማስፈረም አለበት። ቅጂውን ለደንበኛው ይሰጣል፣ ፊርማውን ሦስት ዓመት ያስቀምጣል። ልብ ይበሉ፣ መግለጫው ደንበኛው በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት። እንግሊዝኛው በደንብ ካልገባዎት በአማርኛ የማግኘት መብት አለዎት ማለት ነው። እርስዎ ገንዘብ ከፍለዋል፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ስለመፈረምዎ ግን አልጻፉልኝም።

«ኪኒኑን ተዪው» ማለቱ ግን የለየለት ጥፋት ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቁሚ ብሎ መምከር አይችልም። ሕጉ በስም ጠቅሶ ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ ነው። ይህን ሲያደርግ ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የፈቀደለት የሕግ ከለላ ይነሣና ያለ ፈቃድ ሕክምና በመሥራት ሊከሰስ ይችላል፤ ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላርና እስራት ይደርሳል። አቤቱታ የሚቀበለው የካሊፎርኒያ ሜዲካል ቦርድ ነው። ኪኒኑን በራስዎ እንዳያቋርጡ። አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ራሱ ጣጣ ያመጣል፤ ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ ምስጢር ነው። ፈቃድ ላለው ቴራፒስት የነገሩትን ሕጉ በምስጢርነት ይጠብቅልዎታል። ፈቃድ እንደሌለው እያወቁ ለሄዱበት ሰው የነገሩት ግን ያ ጥበቃ የለውም። ተከላካይ ጠበቃው መጥሪያ ልኮ ማስታወሻውን ሊያስመጣ፣ ሰውየውንም ሊያስመሰክር ይችላል።

እናትዎን ደግሞ እንዲህ ይበሏቸው። ሂፕኖሲስ የተደረገለት ሰው አይተኛም፣ ራሱንም አይስትም። ትኩረቱ አንድ ነገር ላይ ይሰበሰባል፣ የሚባለውን ይሰማል፣ ካልፈለገ ተነሥቶ መሄድ ይችላል። እንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ተቋም መድኃኒት አልሠራለት ላለ የአንጀት መቆጣት ሕመም (IBS) እንደ አንድ አማራጭ ያነሣዋል። ለሕመም ማስታገሻና የጥርስ ሐኪም ለሚፈራ ሰውም ይጠቀሙበታል። ሲጋራ ያስተዋል የሚለው ግን ያን ያህል ማስረጃ የለውም። ሳይኮሲስ (ከእውነታው የሚያለያይ የአእምሮ ሕመም) ላለበት ሰውም አይመከርም። ጠበል ከፈለጉ ጠበሉንም ይሂዱ፣ ሕጉ አይጣላዎትም።

እግረ መንገዴን ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። የጥገኝነት ጥያቄ ያላችሁ፣ ቀንና ቦታ ጠፋብኝ ብላችሁ ሂፕኖሲስ ቤት እንዳትሄዱ። አንቀጽ 795 የካሊፎርኒያ የማስረጃ ሕግ እንጂ የኢሚግሬሽን ሕግ አይደለም። ነገር ግን ከ2005 ወዲህ የኢሚግሬሽን ዳኛ ትንሿን የቃል መለዋወጥ እንኳ እምነት ለመንሳት ሊጠቀምባት ይችላል። መጀመሪያ «ጥር መሰለኝ» ያለ ሰው በኋላ «ኅዳር 12 ነው» ብሎ እርግጠኛ ሆኖ ሲመጣ ምን እንደሚባል አስቡት። አላስታውስም ማለት ወንጀል አይደለም። ከድንጋጤው የተነሣ ትዝታው እንደተጎዳ ፈቃድ ያለው ሳይኮሎጂስት በጽሑፍ ቢያስረዳላችሁ ይሻላል።

የከፈሉትን ገንዘብ በተመለከተ፣ አገልግሎቱ አልተሰጠዎትም፣ ስለዚህ ይጠይቁ። በስልክ ሳይሆን በኢሜይል ወይም በደብዳቤ ይጻፉ፤ ቀጠሮዎቹን መሰረዝዎንና ገንዘቡ እንዲመለስ መፈለግዎን በሁለት መስመር ይበሉ። ስለ ዘረፋው አንዲት ቃል አይጻፉበት። እንቢ ካለ አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚታይበት ስሞል ክሌምስ ፍርድ ቤት አለ። አንድ ግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር ድረስ እዚያ መክሰስ ይችላል። ጠበቃ ይዞ መግባት አይፈቀድም፣ ስለዚህ እኔን መክፈል አይጠበቅብዎትም። አስተርጓሚ ከፈለጉ ፍርድ ቤቱ በነጻ ያቀርባል፤ ማመልከቻውን ሲያስገቡ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግዎ አብረው ይጠይቁ። የአማርኛ አስተርጓሚ እንደ ስፓኒሹ በየቀኑ አይገኝም፣ ካልጠየቁ ቀጠሮው ይራዘምብዎታል።

የጻፍኩት በደብዳቤዎ ላይ ብቻ ተመሥርቼ ነው፤ የኬዙን ወረቀት አላየሁም። ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ሲነጋገሩ የሰውየውን ስም፣ የከፈሉበትን ቀንና «ታርጋውን አወጣልሻለሁ» ማለቱን ጭምር ይንገሩት። ሰውየው በመሀል ደውሎ «ነገ ነይ» ቢልዎት፣ ስለዚያ ሌሊት በስልክም አያውሩት።