የመንገድ ጥናት ይታመናል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «መንግሥት የሚያስጠናቸው የመንገድና የትራንስፖርት ጥናቶች ውስጥ ያለው የአካባቢ ተፅዕኖ ክፍል ይታመናል? ለማስተርስ ጽሑፌ ልጠቀምበት ነበር» ብለሽ ጠይቀሻል። ተጠቀሚበት፣ ግን መጀመሪያ የተሽከርካሪ ቆጠራውን እዪ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ተማሪ ሳለሁ ሁለት ክረምት ተሽከርካሪ ቆጥሬያለሁ፣ በኋላም የቆጠራ ወረቀት ኮምፒውተር ላይ አስገብቻለሁ። የማወራሽ ከዚያ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። መንገድ ዳር ዱካ ላይ ትቀመጫለሽ። ጭንሽ ላይ ቅጽ አለ። መኪና ባለፈ ቁጥር ጭረት። አራት ቁም፣ አምስተኛው አግድም። ዓምዶቹ የቤት መኪና፣ ላንድሮቨር፣ ትንሽ አውቶቡስ፣ ትልቅ አውቶቡስ እያሉ እስከ ተሳቢ ይሄዳሉ። ላንድሮቨር የሚለው ከድሮ የቀረ ስም ነው፤ ፒካፑም ላንድክሩዘሩም እዚያው ይገባል። ሚኒባስ ታክሲ ትንሽ አውቶቡስ ነው። ባጃጅ ግን በእኛ ቅጽ ላይ ቦታ አልነበረውም። ተቆጣጣሪያችንን ብጠይቀው «የቤት መኪና ላይ ጫረው» አለኝ። ከመንገዱ ማዶ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይቆጥረውም ነበር። ማታ ወረቀታችንን ስናስተያይ እኔ የቤት መኪና ሞልቶኛል፣ እሱ የለውም። ሁለቱም ወረቀት እንዳለ ገባ።

የቀድሞው የመንገዶች ባለሥልጣን (የአሁኑ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር) የዲዛይን መመሪያ ቆጠራው ሰባት ተከታታይ ቀን ይሁን ይላል። ከሥራ ቀንም ከዕረፍት ቀንም አንዳንዱን 24 ሰዓት፣ የቀረውን 16 ሰዓት መቁጠር ይበቃል። ደሞዝ የሚከፈልበትን ሰሞንና በዓልን ሽሹ የሚልም አለበት። እውነቱን ነው፤ የበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ አካባቢ የቆመ ሰው ይገባዋል። እኛ ግን አንዱን ቆጠራ የጨረስነው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ሪፖርቱ ተቻኩሎ ነበር።

ይሄን ሁሉ የምልሽ፣ ሪፖርቱ ውስጥ የምታዪው የጭስ መጠን ብዙ ጊዜ በመሣሪያ የተለካ ስላልሆነ ነው። የመኪናው ብዛት በየዓይነቱ፣ አንዱ መኪና ያወጣል ተብሎ በሚገመተው ጭስ ይባዛና ይሰላል። ዳገት ላይ ሲያቃስት የነበረ አይሱዙ ምን እንደሚያጨስ ታውቂዋለሽ። እሱ የተሳሳተ ዓምድ ላይ ከተጫረ ጭሱም አብሮ ይሳሳታል።

እኔን የሚቆጨኝ ግን እግረኛው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ እቃዋን የተሸከመች የጉልት ነጋዴ ከፊቴ ይተማሉ። ለእነሱ ዓምድ የለም። ጭሱን የሚስቡት ደግሞ እነሱ ናቸው። እኔ ራሴ ማታ ቤት ገብቼ አፍንጫዬን ስጠርግ ሶፍቱ ጥቁር ይሆን ነበር፤ የእናቴ ንግግር ለብቻው ነው።

ስለዚህ ሪፖርቱን ስታገኚ መደምደሚያው ላይ አትቸኩዪ። ከኋላ ያለውን አባሪ ክፈችና ቆጠራው የትኛው ወር፣ ስንት ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ እዪ። አባሪው ከሌለ ጠይቂ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ አስተያየትም እንዲሰበሰብበት ያዛል። የአዋጁን ቁጥር ደብዳቤሽ ላይ ጻፊው። እኔ በቃል ስጠይቅ «ነገ ና» ያለኝ ቢሮ በደብዳቤ ስመጣ መዝገብ ቤት መራኝ። ለአየሩ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት የለካው የደቃቅ ብናኝ መረጃ አለ፤ ለማነጻጸር ይጠቅምሻል።

ጥያቄሽን ያየ አንድ ወንድማችን ደግሞ «አሁን ኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፣ ምን ጥናት ያስፈልጋል» ብሏል። በ2016 ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል፣ ልክ ነው። የገቡት ግን ገና መንገድ ላይ ናቸው። የጎማና የመንገድ አቧራ ደግሞ ከኤሌክትሪኩም ይነሳል።

ከቻልሽ አንድ ቦታ መርጠሽ እግረኛውን ራስሽ ቁጠሪ። ሁለት ሰው ይበቃል፣ አንድ ሰው ግን አይበቃም፤ ሽንት ቤት መሄድ አለ። ጃንጥላ ያዢ። እስክሪብቶ ደግሞ ሁለት፣ አንዱን የሆነ መንገደኛ ተውሶሽ ይዞት ይሄዳል።